አሥራ አንደኛው ኮፒ

ዶሮ ማነቂያ ገብቼ ወጥቼ ያደግሁበት ሰፈር ነው። ባለፈው ሰሞን ከአንዲት ወጣት ጋር ወደዚያ ስወርድ ግን የማውቀውን መታጠፊያ አጣሁት። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ሲደርስ ጠባብ መተላለፊያዎቹ፣ የጭቃ ቤቶቹ፣ በየደጃፉ የነበሩት ሻይ ቤቶችና መጠጥ ቤቶች ፈረሱ። ነዋሪውም ጓዙን ጠቅልሎ በከተማው ዳርቻ ወዳሉ ኮንዶሚኒየሞች ሄደ። ቆሜ አቅጣጫ የለየሁት በአራዳ ጊዮርጊስ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ እዚያ ከሆነ፣ ሀገር ፍቅር ቴአትር ወዲህ ነው። ሀገር ፍቅር ወዲህ ከሆነ፣ እኔ የቆምኩት የድሮው ጠረጴዛ አካባቢ መሆን አለበት።

ልጅቷ ክንዷ ሥር በፌስታል የጠቀለለችው ጽሑፍ አለ። ሰባ አራት ገጽ፣ ሦስት ገቢር፣ አምስት ገጸ ባሕርያት። ሁለት ዓመት ለፍታበታለች።

«ጋሼ፣» አለችኝ፣ «ይሄን የት ነው የማስገባው?»

አጭር ጥያቄ ነው። የኔ ትውልድ መልስ ግን ከሰፈሩ ጋር አብሮ የፈረሰ መሰለኝ። እኔ የመጀመሪያ ተውኔቴን ያስገባሁት ቴአትር ቤት አልነበረም፤ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ከጥናት የሚወጡ ተዋንያን ሻይና ቢራ የሚሉበት፣ አንድ እግሩ አጭር ስለነበረ ካርቶን የተደገፈ ጠረጴዛ። እዚያ ተቀምጦ የሚጠብቅ ጀማሪ ደራሲ፣ አንድ አዘጋጅ ደስ ባለው ቀን ጽሑፉን አውጥቶ ይሰጣል። አዘጋጁ ካነበበው አነበበው፤ ከረሳው ረሳው። የኔን አንድ ሰው አንብቦ «ሁለተኛውን ገቢር ጣለው፣ ከሦስተኛው ጀምር» አለኝ። እስከ ዛሬ ከተሰጡኝ ምክሮች ሁሉ የሚበልጥብኝ ይኸው ነው። በኋላ ደግሞ እዚህ ስሙን በማልጠራው አንድ ቴአትር ቤት ሌላ ድርሰት በእጄ አስረከብኩ። ዓመት ጠብቄ ብጠይቅ ጽሑፌ መኖሩን የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። ያስረከብኩት ያለኝን ብቸኛ ኮፒ ነበር። ያ ተውኔት ዛሬ የለም።

ስለዚህ ልጅቷ ስትጠይቀኝ ቶሎ አልመለስኩም። ወደ ሀገር ፍቅር አቅጣጫ ይዣት መሄድ ጀመርኩ፤ እግረ መንገዴንም ጥያቄዋ ለምን እንዲህ ከባድ እንደሆነ ማሰብ ያዝኩ።

በእኛ አገር የመጀመሪያዎቹ ፀሐፌ ተውኔቶች ድርሰት «ማስገባት» የሚባል ነገር አያውቁም ነበር። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሩሲያ ተምረው የተመለሱ ባለሥልጣን ናቸው። በላፎንቴን ተረቶች ላይ ተመሥርተው የጻፉት «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ መሳለቂያ» በቴራስ ሆቴል ለመኳንንቱ ሲታይ በር የሚያስከፍታቸው ሰው አላስፈለጋቸውም፤ እሳቸው ራሳቸው የበሩ ባለቤት ከሆኑት ወገን ነበሩ። የተዘጋባቸው ከታየ በኋላ ነው። አውሬዎቹ ማንን እንደሚመስሉ ተመልካቹ አውቆ ኖሮ፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ድርሰቱ ታገደ። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ደግሞ እዚሁ አራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት መምህር ነበሩ። ድርሰቱን ይጽፋሉ፣ ዜማውን ያወጣሉ፣ ተማሪዎቻቸውን ያስጠናሉ፣ ያሳያሉ። ደራሲም፣ አዘጋጅም፣ ቴአትር ቤትም እሳቸው ናቸው።

በ1927 ዓ.ም. ጣሊያን ሊወርር በተቃረበበት ወቅት መኮንን ሀብተወልድ የሀገር ፍቅር ማኅበርን አቋቋሙ። ከድል በኋላም ማኅበሩ ፒያሳ ላይ ቋሚ መድረክ ያዘ። ከአፍሪካ አገር በቀል ቴአትር ቤቶች ሁሉ ቀዳሚው እየተባለ የሚጠራው ይኸው ቤት ነው። በዚህ ቤት የጻፉት እንደ ኢዩኤል ዮሐንስ ያሉት ደራስያን የቤቱ ሰዎች ነበሩ። ለሚያውቋቸው ተዋንያን፣ ለሚያውቁት መድረክ፣ ለሚያውቁት ተመልካች ይጽፉ ነበር። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ የቤቱን ድምፅ የሚያውቅ ደራሲ የሚጽፈው ንግግር በተዋናዩ አፍ ላይ ይቀመጣል። ግን ከመንገድ የመጣ፣ ማንንም የማያውቅ ሰው ጽሑፉን የሚያኖርበት ቦታ በዚያ አሠራር ውስጥ አልታሰበለትም።

ይህን ሳስብ ሁሌ ትዝ የሚለኝ አንድ ዓመት አለ፤ 1948 ዓ.ም.። በዓመቱ መጀመሪያ፣ በንጉሡ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተመረቀ። መክፈቻው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር፤ ደራሲው መኮንን እንዳልካቸው፣ በጊዜው የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር። በዚያው ዓመት፣ በሚያዝያ 30፣ ለንደን ውስጥ ሮያል ኮርት በሚባል ቴአትር ቤት «ሉክ ባክ ኢን አንገር» የሚባል ተውኔት ተከፈተ። ደራሲው ጆን ኦዝበርን ሥራ ያጣ ተዋናይ ነበር፤ የሚኖረውም ቴምዝ ወንዝ ላይ በታሰረች ጀልባ ውስጥ። ጽሑፉን ወዲህም ወዲያም ልኮ ተመልሶበታል። በመጨረሻ በአንድ የቴአትር ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አየ፤ አዲስ የተቋቋመው የኢንግሊሽ ስቴጅ ካምፓኒ አዲስ ተውኔት ይፈልጋል። ላከ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ጽሑፎች ጎርፈው ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ክምር የኩባንያውን ኃላፊ ጆርጅ ዴቪንን የያዘው የኦዝበርን ነው። ዴቪን ደራሲውን ለማግኘት ራሱ በትንሽ ጀልባ ተቀዝፎ ሄደ። የእንግሊዝ ቴአትር ታሪክ ጸሐፊዎች ከዚያ ምሽት በፊትና በኋላ ብለው ይከፍላሉ።

የኛ ቴአትር ቤትና የሮያል ኮርቱ ኩባንያ በአንድ የኢትዮጵያ ዓመት ውስጥ ሥራ ጀመሩ። አንዱ የከፈተው በጠቅላይ ሚኒስትር ድርሰት ነው፤ ሌላው ስሙን ያገነነው በጋዜጣ ማስታወቂያ በመጣ ድርሰት። መኮንን እንዳልካቸው ደራሲነታቸውን በሥልጣናቸው ብቻ ያገኙ ሰው ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ልብ ወለዶቻቸው ዛሬም ይነበባሉ። የምለው ሌላ ነው፤ የለንደኑ ማስታወቂያ ስንት መሥመር ነበር? ሦስት? አራት? «አዲስ ተውኔት እንፈልጋለን፤ ወደዚህ አድራሻ ላኩ።» የኛ ቴአትር ቤቶች የጎደላቸው ያቺ መሥመር ናት።

አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር ልጨምር። በንጉሡም በደርግም ዘመን የማንንም ድርሰት ተቀብሎ፣ ከሽፋን እስከ ሽፋን አንብቦ፣ አስተያየት ጽፎ የመመለስ ግዴታ የነበረበት ቢሮ ነበረ፤ ሳንሱር። ቀይ እስክሪብቶ የያዘ አንባቢ፣ ስም የሌለው ጀማሪንም ሆነ ሎሬት ፀጋዬ ገብረ መድኅንን እኩል መሥመር በመሥመር ያነብ ነበር። የ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ ሳንሱርን አስቀረ፤ እሰየው፣ የሚናፍቀው የለም። ነገር ግን ሊከለክል የሚያነበው ሰው ሲሄድ፣ ሊያበረታታ የሚያነብ ሰው በቦታው አልተተካም። በየቴአትር ቤቱ ገምጋሚ ኮሚቴ አለ፤ ገምጋሚዎቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ የቀን ሥራ ያለባቸው ተዋንያንና አዘጋጆች ናቸው። የሚያነቡት ከጥናት ተርፈው ነው።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። የሀገር ፍቅር አካባቢ ስንደርስ ቆም ብዬ፣ «የቴአትር ማስታወቂያ ስታዪ መጀመሪያ የምታነቢው ምኑን ነው?» አልኳት።

«ርዕሱን።»

«ከዛሬ ጀምሮ ቀኑን አንብቢ።»

የአዲስ አበባ ቴአትር አሠራር ከለንደኑም ከኒውዮርኩም ይለያል። እዚያ አንድ ተውኔት አብዛኛውን ጊዜ በተከታታይ ምሽቶች ይታይና ይወርዳል። እዚህ አንድ ተውኔት የሳምንቱን አንድ ቀን ይይዛል፤ የማክሰኞ ተውኔት፣ የሐሙስ ተውኔት፣ የእሑድ ተውኔት አለ። ተመልካች ካለው ያንን ቀን ዓመት ይይዘዋል፣ ሁለት ዓመት ይይዘዋል። በብሔራዊ ቴአትር «ባቢሎን በሳሎን» ዓመታትን ሲሻገር ያላየ የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው። ይህ ለተዋናዩ እንጀራ ነው፤ ለተመልካቹም ደስታ። ለአዲስ ደራሲ ግን ሒሳቡ ጨካኝ ነው። በከተማዋ የሚታወቁት የመንግሥት መድረኮች አምስት ናቸው፤ ብሔራዊ፣ ሀገር ፍቅር፣ ራስ፣ ማዘጋጃ ቤት፣ የሕፃናትና ወጣቶች። ሳምንቱ ሰባት ቀን ነው። የቅዳሜና እሑድን ተጨማሪ ሰዓታት ብትቆጥሪ እንኳ የከተማው ጠቅላላ ቦታ ውስን ነው፤ አብዛኛውም አስቀድሞ ተይዟል። ድርሰትሽ ግሩም ሆኖ «ቀን የለም» ተብለሽ ልትመለሺ ትችያለሽ። ያ መልስ ስለ ድርሰትሽ ምንም አይናገርም።

ስለዚህ ማስታወቂያ ሰሌዳውን እንደ ገበያ ዋጋ ተከታተዪው አልኳት። ለረጅም ጊዜ ሲታይ የቆየ ተውኔት ሊወርድ ነው የሚል ወሬ ስትሰሚ፣ ያን ጊዜ ነው የምታስገቢው። ከሦስት ወር በፊት ገብቶ የተረሳ ጽሑፍ፣ ቀኑ ባዶ በሆነበት ሳምንት ከገባ ጽሑፍ ያነሰ ዕድል አለው። ደግሞም ለቢሮ ብቻ አትስጪ። ቢሮ መዝገብ ያውቃል፤ ተውኔት የሚያውቀው አዘጋጅ ነው። የምትወጂውን አዘጋጅ ሥራ ሦስት ጊዜ ገብተሽ እዪ፣ ከዚያ ከመድረክ ሲወርድ ጠብቂና የትኛው ትዕይንት ለምን እንደነካሽ ንገሪው። ድርሰት የጻፈ ሰው መሆንሽን በሁለተኛው ቀን ትነግሪዋለሽ። ዶሮ ማነቂያ የነበረው ጠረጴዛ ሥራው ይኸው ነበር፤ ደራሲና አዘጋጅ ሳይፈራሩ የሚገናኙበት ስፍራ።

ከመንግሥት መድረኮች ውጭ ያለው በር ሰፋ ያለ ነው፣ ግን ተበታትኗል። የግል ቡድኖች አዳራሽ ተከራይተው ይሠራሉ። ገንዘብ የሚያወጣው ፕሮዲዩሰር ስለሆነ ትንሽ ተዋናይ፣ አንድ ቤት ውስጥ የሚያልቅ ታሪክ፣ የሚያስቅ ነገር ይመርጣሉ። ኮሜዲ መድረኩን የሞላው ደራስያኑ ቁም ነገር ስላጡ አይመስለኝም፤ የአዳራሽ ኪራይ የሚመልሰው እሱ ስለሆነ ነው። መንግሥቱ ለማ «ጠልፎ በኪሴ»ን እና «ያላቻ ጋብቻ»ን ሲጽፉ ሳቅና ቁም ነገር በአንድ ሳህን እንደሚቀርቡ አሳይተውናል። አምስት ገጸ ባሕርይ ያላት የልጅቷ ድርሰት ለዚህ በር አትከብድም።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ትምህርት በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተጀመረ፤ ዛሬ ትምህርት ቤቱ በዮፍታሔ ንጉሤ ስም ይጠራል። ብዙ ጀማሪ ደራስያን ይህን በር ረስተውታል። በየዓመቱ ዝግጅት የሚማሩ ተማሪዎች የሚያዘጋጁት ነገር ይፈልጋሉ፤ የሚያገኙት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ደጋግሞ የተሠራ ድርሰት ነው። ተማሪ አዘጋጅ ገንዘብ የለውም፣ ጊዜና ጉጉት ግን አለው። ለድርሰት የመጀመሪያ ዕድሜው ከዚህ የተሻለ ሞግዚት አላውቅም። ራስ ሆቴል ውስጥ ለዓመታት በየወሩ ሲካሄድ የኖረው «ጦቢያ ግጥም በጃዝ»ም ከግጥሙ ጋር መነባንብና አጭር ተውኔት እያቀረበ፣ ሙሉ ድርሰት ያልደረሰለት ደራሲ አሥር ደቂቃውን በሕዝብ ፊት የሚፈትንበት መድረክ ሆኗል። አሥር ደቂቃ ትንሽ ይመስላል። አዳራሽ ሙሉ ሰው የት ላይ እንደሳለ፣ የት ላይ ወንበር እንዳንቀጫቀጨ የሰማ ደራሲ ግን ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ነው።

ሬድዮና ቴሌቪዥን ደራሲ ይበላሉ፤ ማለቴ፣ ያላሰለሰ ጽሑፍ ይፈልጋሉ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር ያስተላለፈው «የቀን ቅኝት» የሬድዮ ድራማ 257 ክፍል ነበረው። ያን ያህል ክፍል ለመጻፍ ስንት ሌሊት እንደሚያስፈልግ አስቡት። እንደ «ገመና» ያሉ ተከታታይ ድራማዎች ሲመጡም የመድረክ ሰዎች ወደዚያ ተሳቡ፤ ክፍያው ይሻላል፣ ሥራውም ቋሚ ነው። እኔ አልወቅሳቸውም። ግን የመድረክ ንግግርና የካሜራ ንግግር ሁለት ነገር ነው። ካሜራ ዓይን ሲያሳይ ዝም ይባላል፤ መድረክ ላይ በመጨረሻው ረድፍ የተቀመጡት እናት ዓይኑን አያዩትም፣ ቃሉን ነው የሚሰሙት። ልጅቷ የጻፈችው ለእኚያ እናት ነው፤ ሁለት ገጽ እንዳነበብኩ ገብቶኛል።

ከአገር ውጭም በር አለ። ቢቢሲ ከብሪቲሽ ካውንስል ጋር ሲያካሂደው የኖረው ዓለም አቀፍ የሬድዮ ተውኔት ውድድር እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ለሆነ ደራስያን ለብቻው ሽልማት ሲመድብ ቆይቷል። ዋሽንግተን አካባቢ ደግሞ ዓለም-ፀሐይ ወዳጆ የመሠረተችው ጣይቱ የባህልና የትምህርት ማዕከል በስደት ላለው ሕዝብ የአማርኛ ቴአትር መድረክ ሆኖ ኖሯል። ሁለቱም መልካም ናቸው። ሆኖም ለአራዳ የተጻፈ ተውኔት መጀመሪያ አራዳ ላይ ቢታይ ደስ ይለኛል።

ልጅቷ እዚህ ላይ አቋረጠችኝ። «ቢሰርቁኝስ?»

ሁሉም ይህን ይጠይቃል፤ የሚጠይቀውም ዝቅ ባለ ድምፅ ነው። በአገራችን ሕግ ድርሰት ተጽፎ ከተገኘበት ሰዓት ጀምሮ የጸሐፊው ነው፤ ማስመዝገብ መብቱን አይፈጥረውም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲ በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ ለወራሾቹ 50 ዓመት ይሰጣል። በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ የሚጠቅመው ለማስረጃነት ነው፤ ክርክር ሲነሳ ማን መቼ እንደጻፈው ያሳያል። ሕጉ ሐሳብን አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው ሐሳቡ የተገለጸበትን ቃልና አካሄድ ነው። «ሁለት ወንድማማቾች በቤት ይጣላሉ» የማንም ነው። ወንድማማቾቹ የሚናገሩት የአንቺ ነው። ስለዚህ ፈርተሽ ሳጥን ውስጥ አትቆልፊው። የተቆለፈ ድርሰት ባይሰረቅም አይታይም።

የዶሮ ማነቂያ ጎረቤት ውቤ በረሃ የወለደው «ሌቱም አይነጋልኝ» ከመታተሙ በፊት ለአሥርት ዓመታት ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ተነቧል። የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ልብ ወለድ ማተሚያ ቤት እስኪያገኝ በአንባቢ እጅ መኖር ቻለ። ተውኔት ይህን አይችልም። ለብቻው የሚያነበው ሰው ግማሹን ብቻ ያገኛል፤ ቀሪው ግማሽ ሰው ተነስቶ ካልቆመ፣ ካልተናገረ፣ ካልዘገየ አይመጣም። ማስገቢያ የሌለው ልብ ወለድ ይጠብቃል። ማስገቢያ የሌለው ተውኔት ግን ገና አልተወለደም።

ለዚህ ነው ቴአትር ቤቶቻችን አንድ ነገር ቢያደርጉ የምለምነው። አዲስ ሕንፃ አይደለም። በዓመት አንድ ጊዜ፣ በታወቀ ወር፣ በራቸው ላይ ወረቀት ይለጥፉ፤ አዲስ ተውኔት ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን እንቀበላለን፣ እስከዚህ ቀን መልስ እንሰጣለን። ሁለት አንባቢ ይመድቡ፣ ለአንባቢዎቹም ይክፈሉ፤ ነፃ ንባብ የሚዘገየው ነፃ ስለሆነ ነው። ለማይቀበሉት ድርሰት አንድ አንቀጽ ይጻፉ። በዓመት አንድ ወር፣ ከሳምንቱ ቀኖች አንዷን ለአዲስ ደራስያን ንባብ ይልቀቁ፤ ያለ ጌጥ፣ ያለ መብራት፣ ተዋንያን ወረቀት ይዘው ይቁሙ። ይህን የሚያክል ነገር ሀገር ፍቅር በቆየበት ዘመን ሁሉ ሊያቅተን አይገባም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወደ ላይ፣ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ አቅጣጫ ወጣን። መንገድ ላይ አንድ ኮፒ ቤት አለ፤ ከበሩ የሚወጣው የቀለም ሽታና የማሽን ሙቀት ያስታውቃል። ልጅቷ አሥር ኮፒ ማስባዛት ፈልጋ ነበር፤ ለገምጋሚዎች፣ ለሁለት አዘጋጆች፣ አንዱን ለኔ። የፊት ገጹን አየሁላት። ርዕስ አለ፤ የስልክ ቁጥር የለም። አስጻፍኳት። ከርዕሱ በታች የገጸ ባሕርያቱን ዝርዝር፣ የሚፈጀውን ሰዓት፣ የመድረኩን ዓይነት፣ በግማሽ ገጽ ጭብጡን እንድትጨምር ነገርኳት፤ የደከመው ገምጋሚ መጀመሪያ የሚያነበው ያንን ነው።

«ስታስገቢ ለቢሮው ሰው በእጁ ሰጥተሽ አትሂጂ» አልኳት። «ማመልከቻ ጽፈሽ በመዝገብ ቤት በኩል አስገቢ። ገቢ ቁጥር ይስጡሽ። ሁለተኛ ኮፒ ይዘሽ ግቢና በራስሽ ኮፒ ላይ ማኅተም አስመቺ፣ ቀኑም ይጻፍበት። ያ ኮፒ ከቤትሽ አይወጣም።»

ስለጠፋው ድርሰቴ አልነገርኳትም። እሷ ግን ፊቴን አይታ የገባት መሰለኝ። ፌስታሏን ፈታ ገጾቹን አስተካከለች፣ የመጨረሻዋን ገጽ ለብቻዋ ይዛ ትንሽ ቆየች፣ ከዚያ ማሽኑ ጋ የቆመውን ልጅ ጠራችው።

«አሥር ያልኩህን አሥራ አንድ አድርግልኝ። አሥራ አንደኛውን አስጠርዝልኝ።»